ኖራ

የስዊድን ዝናብ ሁሉ አድራሻው ቡሮስ ነው፤
እዚህ ከተማ ወሬ የሚሆነው ያልዘነበ ቀን ነው።

እኔ የሜዳው ሰው ነኝ። ጎህ ሳይቀድ በሩን የምከፍት፣
የተቀደደ መረብ የምሰፋ፣ ባንዲራ የምተክል በየማዕዘናት፣
ኖራዬን በጋሪ እየገፋሁ ሣር ላይ
ነጭ መስመር የምጥል፤ «ይህ ውስጥ፣ ይህ ውጪ» ባይ።
አሥራ አራት ዓመት ድንበር አካለልኩ፤
በድንበር ግን አንድም ቀን አልተከሰስኩ።

ቅዳሜ መልማይዋ መጣች፣ ከኳስ ትምህርት ቤቱ።
ማይብሪት ይሏታል። ስድሳን ተሻግራለች፣
ሁለት ጉልበቷን በልጅነቷ ለኳስ ገብራለች።
ሰማያዊ ቆብ፣ የተቀረጠፈ እርሳስ፣ ትንሽ ደብተር፤
«ለነሐሴ ሁለት ቦታ አለኝ» ብላ ተደገፈች አጥር።
ሁለት።
ሜዳ ላይ ሃያ ሁለት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ፤
ከአጥሩ ሥር ወላጅ፣ በየጃንጥላው የሚርድ።
አንዱ አባት «ምቺ!» ይላል፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ፤
አንዲት እናት ቴርሞሷን አቅፋ ከንፈሯን ትነክሳለች፣
ልጇ ተቀያሪ ናት፤ ገና አልገባች።

ከሚርዱት አንዱ እኔ ነኝ፤ ዘጠኝ ቁጥሯ ልጄ ናት፤
ወለላ። ስትሮጥ ነፋስ ከኋላ ደክሞ የሚቀርላት።
ግን ኳስ ሲነጥቋት ወገቧን ይዛ ትቆማለች፤
ካላቀበሏት ታኮርፋለች።
አባት ነኝና አያለሁ፤
አባት ነኝና አላየሁም እላለሁ።

ሦስት ቁጥሯንስ ማን ያያታል?
አዝራ፤ የቦስኒያው አናጢ ልጅ፣ ጫማዋ የእኅቷ፣
ግራ ተመላላሽ፣ አጭር፣ ቁጥብ ናት አንደበቷ።
አጥቂ ሲያመልጥ እዚያ ናት፤ ጓደኛ ሲሳሳት እዚያ፤
ጎል ገብቶ ሌሎቹ ሲተቃቀፉ
እሷ ቀድማ ቦታዋ ተመልሳለች።
ማታ መብራት ላጠፋ ስል፣ ከግድግዳው ሥር፣
በቀኝ እግሯ፣ በሰነፉ፣ ስትመታ፣ ስትቆጥር፤
«አንድ ደቂቃ ብቻ» ትለኛለች፤
ደቂቃዋ ግማሽ ሰዓት ናት።
ስንት ማታ እዚያ ኖራ፣
እንደ ዝናብ ቀን ኖራ
ዓይን አልያዛትም።

ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ሰማዩ ተቀደደ፤
መስመሬ ሟሟ፤ ውስጥና ውጪው አብሮ ሄደ።
ዳኛው ፊሽካ ነፋ። በቃ።
ማይብሪት ወደ ዕቃ ቤቴ ገባች ውሃ እያንጠባጠበች፣
ደብተሯን ገለጠች፤ ጽሑፏ ሁሉ ጎርፍ ሆኗል። ሳቀች።
«በረኛዋን ወስጃለሁ፤ አንድ ቦታ ቀረኝ።
እኔ ግማሽ ቅዳሜ ነው ያየሁ፤ አንተ ዓመቱን። እስቲ ንገረኝ፤
ሰው በማያያት ሰዓት የምትለፋ ማን ናት?»

የማን አባት እንደሆንኩ አታውቅም።
በመስኮቱ ባሻገር ልጄ ከታዛ ሥር
ካልሲዋን ስትጨምቅ ትታየኛለች።
ምላሴ ላይ ወለላ ነበረ፤
ስሟም፣ ማሩም።
ዋጥኩት።
«ሦስት ቁጥሯ» አልኩ። ድምፄ የሰው ድምፅ መሰለኝ።
ፊደሉን አንድ በአንድ ነገርኳት፤
በፎጣዬ እጇን አድርቃ ጻፈች።

መኪና ውስጥ የመስታወት መጥረጊያው ብቻ ያወራል።
«ምን ጠየቀችህ?»
«ስለ ሣሩ።»
«ምን አልካት?»
«ውሃ አይችልም አልኳት።»
ሁለት መብራት ላይ ቆምን። ሌላ ቃል የለም።

ማታ ከመታጠቢያ ቤት ውሃ ፈሰሰ፣ ፈሰሰ፣ ሳይቋረጥ።
ጫማዋን ታጥባለች አልኩ ለራሴ፣ ሽንኩርት ስቆርጥ።
ጫማው በረንዳ ላይ ነበረ፤
ከነጭቃው፣
ከነኖራዬ።